አሮጌ ፖርሽ 944 ይዞ መኖር

ያገለገለ የስፖርት መኪና ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ሞተሩ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተከፍቶ ያውቃል? ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ዋናውን ነገር ግን ይስታሉ። ለዓመታት ስይዘው የኖርኩት መኪና እ.ኤ.አ. የ1986 ሞዴል ፖርሽ 944 ነው። በእነዚህ ዓመታት ኪሴን ካራቆቱት ብልሽቶች መካከል የሞተሩ ብረት ያመጣው አንድም የለም። ሁሉም ከላስቲክ፣ ከፕላስቲክና ከደረቀ የስታኞ ብየዳ የመጡ ናቸው። ብረት ንጹሕ ዘይት እስካገኘ ድረስ ዕድሜውን በኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ላስቲክ ግን መኪናው ቢነዳም ባይነዳም በዘመን ያረጃል። ይህን ልብ ያለ ሰው የትኛውን መኪና እንደሚገዛ፣ የቱን ቀድሞ እንደሚጠግንና ገንዘቡን የት ላይ እንደሚያውል ለመወሰን ብዙም አይቸገርም።

ስለ መኪናው በጥቂቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ብልሽቶቹ ከአሠራሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። 944 እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1991 ድረስ የተመረተ ሲሆን የሚገጣጠመውም ኔካርሱልም በተባለችው የጀርመን ከተማ፣ በአውዲ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,479 ሲሲ ነው፤ የተነደፈውም በታላቅ ወንድሙ በፖርሽ 928 ላይ ከሚገጠመው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ግማሹን በመያዝ ነው። የአውሮፓው ዓይነት 163 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ዛሬ ተራ የቤት መኪና ከዚህ የሚበልጥ ጉልበት ሊኖረው ስለሚችል በቁጥሩ የሚደነቅ አይኖርም። የዚህ መኪና ምሥጢር ካምቢዮው ነው፤ ሞተሩ ፊት ሆኖ ሳለ ካምቢዮው ከኋላ፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር አንድ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በብረት ቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ረጅም ዘንግ ነው። በዚህም ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ ከሞላ ጎደል እኩል ይከፈላል። ኩርባ ላይ መኪናው ሳይንገዳገድ፣ መሪውን ሳይጎትት ሲታጠፍ የሚሰማችሁ ይህ ሚዛን ነው። ላሜራው በዚንክ የተለበጠ በመሆኑም በእድሜው ካሉ ብዙ መኪኖች ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል።

እንግዲህ ወደ ግዢው።

ሻጮች የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በጣታቸው እየጠቆሙ ያሳዩኝ ነበር። በዚህ መኪና ላይ ግን ከቆጣሪው በላይ የማይታመን ነገር የለም። በውስጡ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በጊዜ ብዛት ትሰነጠቃለች፤ ከዚያ የፍጥነት መርፌው እንደ ወትሮው እየሠራ ኪሎ ሜትሩ ግን ባለበት ይቆማል። ሻጩ ሊያታልል ባያስብ እንኳ እርሱ ራሱ የገዛው ቆጣሪው ከቆመ ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ተውትና ወረቀት ጠይቁ። ሙሉ ታሪክ ማለት «በጥሩ ሁኔታ የተያዘ» የሚል ማስታወቂያ አይደለም፤ ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት፣ የተቀየሩት ዕቃዎች ስም የተዘረዘረበት ደረሰኝ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ነገር ግን ወፍራም የደረሰኝ አቃፊ ያለው መኪና ከሚያብረቀርቀውና ወረቀት ከሌለው ይሻላል። እኔም የመረጥኩት እንዲህ ያለውን ነው፤ የፊት ኮፈኑ በድንጋይ ፍንጣሪ ተጠባጥቦ ነበር፤ አሁንም እንዳለ ነው።

ሌላው ብዙዎችን የሚማርከው «ለዓመታት ቆሞ የነበረ፣ ብዙ ያልተነዳ» የሚባለው ነው። እኔ ከእንዲህ ያለው እሸሻለሁ። በቆመ መኪና ውስጥ ፓራኦሊዮዎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙ የላስቲክ ቀለበቶች) ይደርቃሉ፤ ነዳጁ በታንከሩ ውስጥ ተበላሽቶ ዝቃጭ ይሠራል፤ የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የፍሬን ፒስተኖች ከውስጥ ዝገው ይጣበቃሉ። በየሳምንቱ የሚነዳ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና እነዚህ ችግሮች ቀስ በቀስ ታይተው ተጠግነውለታል። የቆመው ግን ሁሉንም ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ማውጣት የሚጀምረውም ቁልፉን ከተረከባችሁ በኋላ ነው።

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ደርሳችሁ ኮፈኑን በእጃችሁ ስትዳስሱት ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ ለምን እንዳሞቀው ጠይቁ። ከዚያ ከመነሣቱ በፊት የራዲያተሩን ውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ቡናማ፣ ወፍራም ዝቃጭ ከታየ የዘይት ማቀዝቀዣው ጎሚኒዎች አልቀዋል ማለት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ዘይትና ውሃ ጎን ለጎን የሚያልፉበት ማቀዝቀዣ አለ፤ የሚለያያቸው የላስቲክ ቀለበት ነው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ስለሚበልጥ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቴስታታው የተሰነጠቀ መስሎት ይደነግጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእነዚያ ቀለበቶች ነው። ቀለበቶቹ ርካሽ ናቸው። አድካሚው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ በውሃ መስመሩ ሁሉ የገባውን ዘይት ደጋግሞ ማጠብ፣ ዘይት የነካቸውን የውሃ ቱቦዎችም መቀየር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። ኮፈኑ ሲከፈት የቤንዚን ሽታ ካለ ያን ቀን መኪናውን አትንዱት። ውስጥ ስትገቡ የሻገተ ምንጣፍ ከሸተታችሁ ውሃ በሆነ መንገድ ይገባል፤ በኋላ መስታወቱ ዙሪያ፣ በጣሪያው መክፈቻ ወይም በባትሪው ማስቀመጫ ሥር ሊሆን ይችላል። በእኔው ዓይነት ላይ ባትሪው ከሞተሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ የሚንጠባጠበው አሲድ ላሜራውን ይበላና ውሃው በቀዳዳው አድርጎ ወደ ተሳፋሪው እግር ሥር ይወርዳል። የዚንክ ልባጥ አሲድን አይችልም። ምንጣፉን ገለጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሻጩ ቅር ቢለውም ዳስሱት።

ጎማዎቹንም ጥርሳቸውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2309 ከተባለ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥቂት በሚነዳ የስፖርት መኪና ላይ ጥርሱ አዲስ የሚመስል፣ ላስቲኩ ግን ደርቆ እንደ ድንጋይ የሆነ ጎማ ማግኘት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ በደረቅ መንገድ ያታልላችኋል፤ ዝናብ ሲዘንብ እውነቱን ይናገራል።

መኪናውን ገዝቼ እንዳመጣሁ አንድ ሥራው የቆዩ ሞተሮች የሆነ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ልጄ፣ ቺንጋው የተቀየረበትን ወረቀት አሳየኝ» አሉኝ።

«ሻጩ ተቀይሯል ብሎኛል፣ ጋሼ።»

«ሻጩማ ይላል። ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብለን እንጀምራለን።»

ይህ ንግግር ለእኔ የጥገናው ሁሉ መመሪያ ሆነ። ማስረጃ የሌለውን ነገር ሁሉ እንዳልተሠራ ቆጥሬ ዝርዝር አወጣሁ። ዝርዝሩን በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት በዋጋ ወይም በቅለት ሳይሆን ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት ነበር፤ በቅድሚያ ሊያቃጥለኝ የሚችለው፣ ቀጥሎ ማቆም የሚያቅተኝ፣ ቀጥሎ ሞተሩን የሚገድለው፣ ከዚያ መንገድ ላይ የሚያስቀረኝ፣ በመጨረሻ ለዓይን የሚያስጠላው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የነዳጅ ቱቦዎቹ ነበሩ። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ቤንዚን በግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚያደርሱት ቱቦዎች ከብረት ጋር የተጨመቁ የላስቲክ ክፍሎች አሏቸው። ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ ለአሥርተ ዓመታት ሲቀቀሉ ላስቲኩ ይደርቃል። በእጄ ጎንበስ ሳደርገው በላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች እንደ ፀጉር ተበትነው ታዩኝ። አልፈሰሰም ነበር፤ እስኪፈስ መጠበቅ ግን በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቤንዚን እስኪረጭ መጠበቅ ነው። የቆዩ 944ዎች በእሳት የሚጠፉበት ዋናው መንገድ ይህ ስለሆነ ዕድሜው የማይታወቅ ቱቦ አውጥታችሁ ጣሉ። ስትቀይሩም ለካርቡሬተር መኪና የሚሆነውን ዝቅተኛ ግፊት የሚችል ቱቦ ሳይሆን ለኢንጀክሽን የተሠራውን ግዙ። በአውራ ጎዳና መካከል ከማንም የማትለምኑት አንድ ነገር እሳት ማጥፊያ ነውና ትንሹን ከወንበሩ ሥር አስራችሁ ያዙ።

ፍሬኑን በአጭሩ ልለፈው። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። የላስቲክ ቱቦዎቹ ከውጭ ደኅና መስለው ከውስጥ ሊያብጡ ይችላሉ፤ ፔዳሉን ከለቀቃችሁ በኋላ አንዱ ጎማ ቢይዝ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ቢጎትት ፒስተኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ቱቦውን ጠርጥሩ።

አሁን ቺንጋዎቹ፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች የሚያዞሩት ጥርስ ያላቸው የላስቲክ ቀበቶዎች። በእርጋታ መነገር ያለበት ይህ ነው።

በዚህ ሞተር ላይ ፒስተኖቹና ቫልቮቹ አንድ ቦታ የሚካፈሉት በተራ ነው። ቫልቩ በደንብ ሲከፈት ፒስተኑ ወደ ታች ርቋል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ቫልቩ ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ይህን ተራ የሚያስጠብቀው የታይሚንግ ቺንጋው ብቻ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ጥቂት ጥርሶች ቢዘል ፒስተኖቹ ክፍት ቫልቮቹን ይመቷቸዋል፤ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ ቴስታታው ለጥገና ይወርዳል። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ላይ ሁለተኛ ቺንጋ አለ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከ600 ሲሲ በላይ ስለሆነ ሞተሩ በተፈጥሮው ይንቀጠቀጣል፤ ንቅናቄውን ለማርገብ በሚትሱቢሺ ፈቃድ የተወሰዱ ሁለት ሚዛን ጠባቂ ዘንጎች ተገጥመውለታል። ዘንጎቹ ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በእጥፍ ፍጥነት፣ እርስ በርሳቸውም በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። የሚያዞራቸው ቀጭን ቺንጋ ቢበጠስ ሞተሩ ያለ እርሱ ሊሠራ ይችላል፤ ቁራጩ ግን ወደ ታይሚንግ ቺንጋው ገብቶ እርሱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው የታይሚንግ ቺንጋ ስለሆነ ፓምፑ ባረጀ ጊዜ ያን ሁሉ ሥራ እንደገና ከመፍታት አብሮ መቀየር ይሻላል። የፊት ፓራኦሊዮዎቹም እንዲሁ፤ የሚያንጠባጥቡት ዘይት አዲሱን ቺንጋ በጥቂት ጊዜ ያበላሸዋል።

የመጀመሪያውን ጊዜ ከአዛውንቱ መካኒክ ጎን ቆሜ ብርሃን እየያዝኩ አየሁ። መጀመሪያ ያደረጉት ሞተሩን በእጅ ማዞር ነው፤ ክራንክሻፍቱ ላይ ባለው ትልቅ ብሎን ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ አስገብተው በሰዓት አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ ብለው። ከሞተሩ በስተጀርባ ቮላኖው (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለው ከባድ ጎማ መሳይ ብረት) የሚታይበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። በእርሱ በኩል መብራት አብርቼ ስመለከት በጥርሶቹ አጠገብ የተቀረጸ መስመርና በላቲን ፊደል «ኦቲ» የሚል ምልክት ብቅ አለ፤ የመጀመሪያው ሲሊንደር ፒስተን ጫፍ ላይ መድረሱን የሚያሳየው ይህ ነው። በዚያው ቅጽበት ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱ፣ ጥርስ ላይ ያለው ምልክት ከቤቱ ጭረት ጋር መግጠም አለበት። አሮጌውን ቺንጋ ከማውለቃቸው በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ጎብጦ እንደ ቅርጹ ቀረ። ወደ ኋላ ሲያጥፉት በጥርሶቹ ሥር ስንጥቆች ተከፈቱ። ቺንጋውን ከሚወጥሩት ኩሽኔታዎች አንዱን በጣታቸው አሽከርክረው ወደ ጆሮዬ አስጠጉት፤ ውስጡ አሸዋ የገባበት ያህል ይንኮሻኮሻል። አዲሱ ግን ድምፅ የለውም።

አዲሱ ከገባ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቶቹ እንደገና መግጠማቸውን ሳያረጋግጡ ሞተሩን በቁልፍ አያስነሡም። በእጅ ሲዞር የሆነ ነገር ቢነካና ቢቆም የሚጠፋ ነገር የለም፤ በሞተሪኖ ከሆነ ግን ያልቃል። የቺንጋው ውጥረትም የራሱ መለኪያ መሣሪያ አለው። በጣም ከጠበቀ ያፏጫል፤ የውሃ ፓምፑንም ኩሽኔታ ይጎዳል። ከላላ ጥርስ ይዘላል። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከ3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ውጥረቱ እንደገና ይታያል፤ ብዙ ጋራዦች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛ ጉብኝት ነው። ጠይቁ፣ ቀጠሮውንም በዚያው ዕለት ያዙ። የሚዛን ዘንጎቹ ምልክቶችም በጥንቃቄ ይታዩ፤ አንዱ ዘንግ ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ነገር ግን መሪውና ወንበሩ እስኪነዝሩ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ የሞተር መቀመጫ ጎሚኒ ሲቀይር ይከርማል።

እኔ ቺንጋዎቹን በ4 ዓመት ወይም በ50,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ እቀይራለሁ። በኪሎ ሜትሩ ቀድሜ ደርሼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚቀድመው የቀን መቁጠሪያው ነው።

ከቺንጋው ቀጥሎ የመኪናውን ባሕርይ ያስተማረችኝ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም የማትበልጥ ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርና የነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚህች በአንዲቷ በኩል ነው። አንድ ሞቃት ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ያለ ምንም ማመንታት ጸጥ አለ፤ ማንገራገር የለ፣ ጭስ የለ። ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሣም። ግማሽ ሰዓት በጥላ ቆይቼ ስሞክር ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። እንዲህ ሲጋል የሚጠፋና ሲበርድ የሚነሣ 944 ካጋጠማችሁ ኢንጀክተርና ካንዴላ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። ሞተሪኖው ሲያዞር የሞተር ዙር ቆጣሪውን መርፌ አስተውሉ። መርፌው ትንሽ ከፍ ከፍ ካለ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ነው፤ ችግሩን በነዳጁ በኩል ፈልጉ። ንቅንቅ ካላለ ወይ ሪሌይዋ ኤሌክትሪክ አላሳለፈችም፣ ወይ በቮላኖው አጠገብ ያሉት ሁለት ሴንሰሮች ምልክት አልላኩም።

ቤት ስደርስ ሪሌይዋን ከፊውዞቹ መደዳ ነቅዬ ክዳኗን በቀጭን ካቻቪቴ ከፈትኩ። በዓይን ሲታይ ሁሉም ደኅና ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን በወፍራሙ እግር ዙሪያ ስታኞው ላይ ቀጭን ጥቁር ክብ ተሥሏል፤ ብየዳው ከእግሩ ተላቆ ነበር። ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይነካካል። አሮጌውን ስታኞ አንሥቼ በአዲስ ያዝኩት፤ ሠራም። ሆኖም መኪናው ላይ ያስገባሁት አዲስ ሪሌይ ነው፤ የተጠገነችው የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተጠቅልላ በመጠባበቂያነት ትኖራለች። አንዳንዶች በሽቦ አገናኝተው ሪሌይዋን ጭራሽ ይዘሏታል፤ ወደ ቤት ለመድረስ ካልሆነ በቀር አልመክርም። ሪሌይዋ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑንም ታስቆማለች፤ በሽቦ ከተዘለለች በአደጋ ጊዜ ፓምፑ ቤንዚን መግፋቱን ይቀጥላል።

ሴንሰሮቹን በተመለከተ፣ የሽቦዎቻቸው ልባጥና መሰኪያዎቻቸው በሙቀት ደርቀው ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ለማጽዳት ብላችሁ እንኳ ከመንቀላችሁ በፊት መተኪያው በእጃችሁ ይኑር። ከላሜራው ጋር የሚታሰሩትን የኔጌቲቭ ሽቦዎች ፈትቶ፣ ጫፋቸውን በአሸዋ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማሰር ግን ማንም ሊሠራው የሚችል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ደብዛዛ መብራት፣ የሚሰንፍ ሞተሪኖ፣ የሚዋዥቅ የሙቀት መርፌ፣ ከእነዚህ አንዱ ሳይሻሻል አይቀርም።

ፍሪሲዮኑ የዚህ ካምቢዮ ከኋላ መሆን ዕዳ ነው። ለመቀየር የጭስ ማውጫው፣ ካምቢዮውና ያ ረጅም የብረት ቱቦ ወደ ኋላ መውረድ አለባቸው። በፋብሪካ የተገጠመው ዲስክ መሐሉ ላስቲክ ነው፤ ሲያረጅ ተሰባብሮ ይለቃል፣ መኪናውም ማርሽ ገብቶ ሳለ አይሄድም። ስትቀይሩ መሐሉ ሞላ የሆነውን ዲስክ አስገቡ። መኪና ስትገዙ ፍሪሲዮኑ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ በዋጋ ድርድሩ ላይ ትልቅ ነገር መሆኑን አትርሱ፤ ዕቃውም ሥራውም ከባድ ነው።

ስለ መለዋወጫ የምለው አንድ ነገር አለኝ። የመኪናው ዋጋ ወርዷል ማለት የዕቃው ዋጋ ወርዷል ማለት አይደለም። ይህ መኪና አዲስ በነበረበት ጊዜ ውድ ነበር፤ ክፍሎቹ አሁንም የዚያ ውድ መኪና ክፍሎች ናቸው። ሻጩ የጠየቃችሁን ዋጋ እስከ መጨረሻው ሣንቲም አሟጣችሁ ከከፈላችሁ ገና አልገዛችሁትም። ለመጀመሪያው ዓመት ሥራ ከዋጋው ቢያንስ ግማሽ የሚያህል ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ፤ ካልጠፋ እሰየው። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም፤ በር፣ መስታወት፣ ቸርኬ፣ ወንበር፣ የካምቢዮ ቤት ሳይቀር ከፈረሰ መኪና ገዝቼ አውቃለሁ። ላስቲክ ያለበትን፣ በሙቀት የሚለበለበውንና መኪናውን የሚያቆመውን ዕቃ ግን ያገለገለ አልገዛም።

መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሞላና አሞርዛተር የሚቀይሩ አሉ። በ944 ላይ ይህ ከሚመስለው በላይ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 አጋማሽ በኋላ በተሠሩት ላይ የፊት ክንዶቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ መኪናው ከልክ በላይ ዝቅ ሲል ክንዱ ከተነደፈለት ማዕዘን ይወጣና በጫፉ ያለው የኳስ መጋጠሚያ ይጨናነቃል። ሊሰበርም ይችላል። ጥሩ ጎማ፣ ትክክለኛ አላይመንትና አዲስ ጎሚኒዎች ከማንኛውም ማሻሻያ ይልቅ መኪናውን ወደ ነበረበት ይመልሱታል። በእኔው ላይ የኋላ ጎሚኒዎቹ የተቀየሩ ዕለት ሌላ መኪና የያዝኩ መሰለኝ።

አነዳዱም የጥገናው አካል ነው። የውሃው የሙቀት መርፌ ከዘይቱ ይቀድማል፤ መርፌው መሐል ስለደረሰ ዘይቱ ሞቋል ማለት አይደለም። እኔ መርፌው ከደረሰ በኋላም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዝቅተኛ ዙር እሄዳለሁ። የዘይቱን መጠን ከላይኛው ምልክት አላወርድም፤ በዚህ ሞተር ላይ ረጅም ኩርባ በኃይል ሲነዳ በመጀመሪያ ዘይት የሚያጥረው የሁለተኛው ሲሊንደር ብሮንዚን (በክራንክሻፍቱ ላይ የሚንሸራተተው የብረት ማረፊያ) ነውና። በቀጭኑ ዘመናዊ ዘይት ፋንታም 20ደብሊው-50 እጠቀማለሁ። አስነሥቶ ለአምስት ደቂቃ አሠርቶ ማጥፋት ለቆመ መኪና እንክብካቤ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ በጭስ ማውጫውና በዘይቱ ውስጥ ውሃ ከማጠራቀም በቀር ጥቅም የለውም። ካስነሣችሁት ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ንዱት፤ ካልሆነ አታስነሡት። ለወራት የምታቆሙት ከሆነ ታንከሩን ሙሉ፣ ጎማውን ትንሽ ጨምራችሁ ንፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ በሽብልቅ አስደግፉት፣ ባትሪውን ንቀሉ።

ሁለተኛ መጓጓዣ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ መኪና ባይገዛ እመርጣለሁ። መኪናው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ መድረስ ያለበት ሰው እሑድ ማታ የተገኘ ብልሽትን በትዕግሥት ሊጠግን ስለማይችል ነው። የሚሠራውም ሥራ በጥድፊያ ስለሚሆን ሌላ ብልሽት ይወልዳል። ዕቃው እስኪመጣ ለሁለት ሳምንት ቆሞ ሊጠብቅ የሚችል መኪና ግን በሥርዓት ይጠገናል። የጥገና ደብተርም ያዙ፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረው ዕቃና ቁጥሩ፣ የሠራው ሰው፣ ብሎኑ የጠበቀበት ኃይል። ለቀጣዩ ገዢም ቢሆን ከቀለሙ ይበልጥ የሚያሳምነው ይህ ደብተር ነው።

የእኔው ደብተር ላይ ያልተሰረዙ ጥቂት መስመሮች አሉ። የኋላ መስታወቱ ከፍሬሙ በአንድ ጥግ መላቀቅ ጀምሯል፤ ውሃ ስለሚያስገባ ከዝናቡ በፊት ይጣበቃል። የመሪው ሃይድሮሊክ ከአንድ በኩል ማላብ ጀምሯል፤ ጎሚኒዎቹ ታዘዋል። ክሩስኮቱ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ የሚያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቁመኝም እርሱን ነው። እርሱ አያቃጥልም፣ አያንጠባጥብም፣ መንገድ ላይም አያስቀርም፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለመጪዎቹ ዓመታትም ከዚያ የሚነሣ አይመስለኝም።